የወጥ ቤቷ ልጅ ደመወዝና የምግብ ቤቶቻችን ሂሳብ



ለዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ርእስ በየዕለቱ ከምንቀመጥበት ገበታ የራቀ አይደለም። ምግብ ቤት ገብተን፣ እጃችንን ታጥበን፣ የቀረበልንን በልተን፣ ሂሳብ ከፍለን እንወጣለን። ከከፈልነው ብር ውስጥ ሳህኑን ላመጣችልን፣ እንጀራውን ለጋገረችው፣ ዕቃውን ለምታጥበው ስንቱ ይደርሳል ብለን የምንጠይቅ ግን ጥቂቶች ነን። ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ይውጣ የሚለው ጥያቄ በአገራችን ለዓመታት ሲነሳ ሲወድቅ ቆይቷል። ወለሉ ቢወጣና ከፍ ቢል በምግብ ቤቶች ላይ ምን ያስከትላል? ሠራተኛዋ ትጠቀማለች ወይስ ከሥራዋ ትፈናቀላለች? ዋጋውስ በማን ትከሻ ላይ ያርፋል? እነዚህን ጥያቄዎች በዚህ ጽሑፍ ለመዳሰስ እሞክራለሁ።

ጥያቄው የተነሳበት ቦታ

በ2014 ዓ.ም. መጋቢት ወር ለሥራ ጉዳይ ወደ ምሥራቅ ጎጃም ተጉዤ ነበር። ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ደብረ ኤልያስ የገባሁት ከቀትር በኋላ ነው። ደብረ ኤልያስ በቅኔ ትምህርቷ የታወቀች፣ ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው የተማሩባት ከተማ ናት። ጊዜው የክርስቲያኖች ዐቢይ ጾም ስለነበር በምግብ ቤቶች ሁሉ የሚቀርበው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው። ስለዚህ እንደ ሌላ ጊዜ የሥጋው ነገር ሳያሳስበኝ ያገኘሁት ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ። ረመዳንም ሊገባ ጥቂት ቀናት ብቻ ቀርተውት ነበር።

«ጋሼ፣ ምን ልታዘዝ?» አለችኝ አንዲት ከአሥራ ስምንት ዓመት ብዙ የማትበልጥ ልጅ። ሽሮ አዘዝኩ። ቤቱ ጭር ያለ ነበርና ስታቀርብልኝ ደመወዟን ጠየቅኋት። መጀመሪያ ወደ ጓዳው ዞር ብላ አየች። ከዚያም ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ምግብና መኝታ ከእትዬ ነው፤ በፍስክ ስምንት መቶ ብር ነው፤ በጾም ስድስት መቶ» አለችኝ። ሥራ የምትጀምረው ከንጋቱ 11 ሰዓት ሲሆን የምትተኛው ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መሆኑንም ነገረችኝ።

የቤቱ ባለቤት ንግግራችንን ሰምተው ኖሮ መጡና አጠገቤ ተቀመጡ። አልተቆጡም። «አየህ የኔ ልጅ፣ ሥጋ በማይሸጥበት ሁለት ወር እኔም ከኪራይ አላልፍም። ጤፍ ዋጋው ሰማይ ወጣ፣ ዘይቱም እንዲሁ። ልጂቱን ሂጂ ብላት የት ትገባለች? ስድስት መቶም ብሆን ከቤቴ በልታ ታድራለች» አሉኝ። ሴትዮዋ ክፉ ሰው አልነበሩም። ልጅቷም የምትናገረው እውነቷን ነበር። የሁለቱም ቃል እውነት መሆኑ ነው ነገሩን አስቸጋሪ የሚያደርገው።

ሕጉ ምን ይላል?

ብዙ ሰው «የሠራተኛ ሕግ የፋብሪካ ነው» ብሎ ያስባል። ይህ ስሕተት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በንግድ ሥራ ላይ የተቀጠረን ሠራተኛም ይመለከታል። የቤት ሠራተኛ ጉዳይ ለብቻው በሚወጣ ደንብ እንዲታይ የተተወ ቢሆንም፣ ምግብ ቤት ግን የንግድ ሥራ ስለሆነ አስተናጋጇም ወጥ ሠሪዋም በአዋጁ ጥላ ሥር ናቸው። በአዋጁ መሠረት መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይበልጥም። በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለ። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከሆነ በአንድ ተኩል፣ በዕረፍት ቀን ከሆነ በእጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ከሆነ በሁለት ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ከደመወዝ ላይ የሚቆረጥ ነገር ካለም ሕጋዊ መሠረት ሊኖረው ይገባል፤ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደመወዝ አንድ ሦስተኛ ሊበልጥ አይችልም። እንግዲህ «ብርጭቆ ሰበርሽ» እየተባለ ደመወዟ የሚያልቅባት ልጅ ሕግ የላትም ማለት አይደለም፤ ሕጉን የሚነግራት አጥታ ነው።

የደመወዝ ወለልን በተመለከተ አዋጁ በአንቀጽ 55 የመንግሥት፣ የሠራተኞችና የሌሎች ባለድርሻ ወገኖች ተወካዮች ያሉበት የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋምና የአገሪቱን የኢኮኖሚ ዕድገትና የሥራ ገበያውን ሁኔታ እያጠና ዝቅተኛ ደመወዝን በየጊዜው እንዲወስን ደንግጓል። የቦርዱ ዝርዝር በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ይወጣል ይላል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ይህ እንዲፈጸም ደጋግሞ ጠይቋል። ሆኖም አዋጁ ከወጣ በኋላ ባሳለፍናቸው ዓመታት ለምግብ ቤት ሠራተኛ «ከዚህ በታች አይከፈልም» የሚል ቁጥር ወጥቶ አላየንም።

በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን ወለል አለ። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ 1,100 ብር ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ 4,760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ለውጥ በስተጀርባ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን መደረጉ አለ። ያን ጊዜ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል። ኑሮው የከበደው ግን በመንግሥት ሠራተኛው ላይ ብቻ ነውን? የመሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ የምትገዛውን ዘይት የምግብ ቤት ዕቃ አጣቢዋም የምትገዛው በዚያው ዋጋ አይደለምን?

በሌላው ዓለም የታየው

ወለል ሲነሳ ሁልጊዜ የሚቀርበው መከራከሪያ «ደመወዝ ከፍ ካለ አሠሪው ሠራተኛ ያባርራል» የሚል ነው። ይህ ክርክር በተለይ በምግብ ቤቶች ላይ በሰፊው ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 1 ቀን 1992 በአሜሪካ የኒው ጀርሲ ግዛት ዝቅተኛውን የሰዓት ክፍያ ከ4.25 ወደ 5.05 ዶላር አሳደገ። ጎረቤቱ ፔንስልቬንያ ግን ባለበት ቆመ። ዴቪድ ካርድና አለን ክሩገር የተባሉ ምሁራን በሁለቱ ግዛቶች 410 የፈጣን ምግብ ቤቶችን ከጭማሪው በፊትና በኋላ ጠየቁ። በ1994 ባሳተሙት ጥናት በኒው ጀርሲ የሠራተኛ ቁጥር ቀነሰ የሚያሰኝ ማስረጃ አላገኙም። የምግቡ ዋጋ ግን ጥቂት ጨምሮ ነበር።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ኒውማርክና ዋሸር የተባሉ ሌሎች ምሁራን በምግብ ቤቶቹ የደመወዝ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ተቃራኒ ውጤት አቀረቡ፤ ካርድና ክሩገርም በ2000 መልስ ሰጡ። በ2017 ስለ ሲያትል ከተማ የወጡ ሁለት ጥናቶችም እንዲሁ ተለያዩ። አንደኛው ዝቅተኛ ተከፋዮች የሚሠሩበት ሰዓት ተቀነሰ ሲል፣ ሌላኛው በምግብ ቤቶች ደመወዝ እንደ ጨመረና ሥራ እንዳልጠፋ ገለጸ። ካርድ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው ምንድን ነው? አንደኛ፣ ጭማሪው መጠነኛና በደረጃ የሚፈጸም ሲሆን የተፈራው የሥራ መጥፋት በብዙ ቦታ እንደተፈራው አልሆነም። ሁለተኛ፣ ጭማሪው ነፃ አይደለም፤ ከፊሉን ተመጋቢው በዋጋ፣ ከፊሉን ባለቤቱ በትርፍ፣ አንዳንዴም ሠራተኛው ራሱ በሰዓት መቀነስ ይከፍለዋል። ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ከአካባቢው ገበያ በላይ ርቆ ከወጣ ጉዳቱ እውነተኛ ይሆናል።

ሥራ ሳይጠፋ ደመወዝ እንዴት ሊጨምር ይችላል የሚል ጠያቂ ይኖራል። ምክንያቱ ይህ ነው። አሠሪዎች ጥቂት በሆኑበት ቦታ ሠራተኛው የሚከፈለው የሥራውን ዋጋ ሳይሆን አማራጭ የማጣቱን ዋጋ ነው። የደብረ ኤልያሷ ልጅ ሥራዋን ብትለቅ የምታጣው ስድስት መቶ ብሩን ብቻ አይደለም፤ የምትተኛበትን ቤትም ነው። በመሆኑም ሥራዋ ለቤቱ የሚያስገባው ከዚያ በላይ ቢሆንም እንኳ ጨምሩልኝ ለማለት አቅም የላትም። ሕግ ወለል ሲያወጣ ያን ያጣችውን አቅም ይተካላታል ማለት ነው።

ሂሳቡ በእኛ ምግብ ቤት

የአሜሪካን ጥናት እንዳለ ወስዶ ጎጃም ላይ ማራገፍ ግን አይገባም። ስለዚህ ሂሳቡን በእኛው ቤት እንሥራው። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል የወሰድኳቸው ናቸው፤ አንባቢ የሚያውቀውን ቤት ቁጥር ተክቶ ሊሠራው ይችላል።

አንዲት ምግብ ቤት በወር 120,000 ብር ትሸጣለች እንበል። ለጤፍ፣ ለሽሮ፣ ለዘይት፣ ለሽንኩርት 70,000 ብር ይወጣል። ኪራይ 12,000 ብር፣ ለማገዶ፣ ለውኃና ለመብራት 8,000 ብር። አምስት ሠራተኞች እያንዳንዳቸው 2,500 ብር ሲከፈላቸው 12,500 ብር ይሆናል። ለባለቤቷ 17,500 ብር ይቀራታል። አሁን ወለሉ 4,000 ብር ይሁን ተባለ እንበል። ደመወዝ 20,000 ብር ይደርሳል። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ መሠረት አሠሪዋ 11 በመቶ ስትጨምርበት 22,200 ብር ይሆናል። ወጪዋ በ9,700 ብር አደገ። ዋጋ ካልጨመረች የሚቀራት 7,800 ብር ብቻ ነው። ይህንን አይታ የምትደነግጥ ባለቤት አትፈረድባትም።

ነገር ግን ይኸው 9,700 ብር ከጠቅላላ ሽያጩ ሲታይ ስምንት በመቶ ያህል ነው። አንድ መቶ ብር የነበረው ሽሮ አንድ መቶ ስምንት ብር ይሆናል ማለት ነው። ሁሉም ደንበኛ ይህን ቢቀበል ባለቤቷ ምንም አትጎዳም። አንድ አሥረኛው ደንበኛ ቢቀርባት ግን ኪራዩም ማገዶውም ስለማይቀንስላት የሚተርፋት ወደ 11,440 ብር ይወርዳል። ያኔ ከአምስቱ አንዷን ብታሰናብት 4,440 ብር ታድናለች። የሥራ መጥፋት የሚመጣው በዚህች በር ነው፤ በሩን የሚከፍተውም በአብዛኛው የደንበኛው መሸሽ ነው።

በሠራተኛዋ በኩልም እንየው። ቀድሞ 2,500 ብር እጅ በእጅ ትቀበል ነበር። 4,000 ብር ስትሆን 7 በመቶ ጡረታ 280 ብር ይቆረጥባታል። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ ከግብር ነፃ የሆነው እስከ 2,000 ብር ስለሆነ፣ በቀሪው ላይ 15 በመቶ ማለትም 300 ብር ትከፍላለች። እጇ ላይ የሚደርሰው 3,420 ብር ነው። አሠሪዋ ለእርሷ 1,940 ብር ጨመረች፤ ለሠራተኛዋ በእጇ የገባው ግን 920 ብር ነው። ከቀሪው 720 ብሩ በጡረታ ስሟ ሲቀመጥ 300 ብሩ ለመንግሥት ይገባል። ወለል የሚያወጣ መንግሥት ከወለሉ ላይ ግብር የሚሰበስብ ከሆነ ሸክሙን ለአሠሪውና ለተመጋቢው ብቻ ትቶ ራሱ አተረፈ ማለት ነው። ስለዚህ ወለሉና ከግብር ነፃ የሚሆነው ገቢ አብረው መታየት አለባቸው።

ሌላም አገራዊ ችግር አለ። በውጭው ዓለም ደመወዝ ሲጨምር አሠሪው ሠራተኛን በማሽን ይተካል ይባላል። በእኛ አገር ሠራተኛን የሚተካው ማሽን ሳይሆን «የዘመድ ልጅ» ነው። ባለቤቷ ከገጠር አንዲት ልጅ ታስመጣለች። ልጅቷ ትማራለች ተብሎ ትመጣና እንጀራ ስትጋግር ትውላለች። ስትጠየቅ «ልጄ ናት እንጂ ሠራተኛ አይደለችም» ይባላል። ወለሉ ከፍ ሲል፣ ተቆጣጣሪ ከሌለ፣ ሠራተኛዋ ከመዝገብ ወጥታ ወደ ዝምድና ስም ትገባለች። ዕድሜዋ ከ15 ዓመት በታች የሆነችን ልጅ መቅጠር በአዋጁ የተከለከለ ቢሆንም በዝምድና ስም ግን ሲፈጸም እናያለን።

በእናቴ ምግብ ቤት

ይህን ሂሳብ ወረቀት ላይ ስሠራ ፊቴ ላይ የመጣችው የደብረ ኤልያሷ ሴትዮ ብቻ አልነበረችም። እናቴም ነበረች። እናቴ እኔንና ሦስት ወንድሞቼን ያሳደገችው በአንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ነው። ከእኛ ጋር የኔ እኩያ የሆነች አንዲት ልጅ ነበረች። በሱብሒ እኔ ተነስቼ ስሰግድ እሷ እሳት አንድዳ ትጠብቅ ነበር። ቁርሴን አቅርባልኝ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ፤ ስመለስ ድስት ስታጥብ አገኛታለሁ። የወር ደመወዟ ስልሳ ብር ነበር። ረመዳን ሲገባ ቤቱ ቀን ስለሚዘጋ እናቴ የመሳፈሪያ ሰጥታ ወደ አገሯ ትሰዳት ነበር፤ ያለ ደመወዝ። እኛ ጾሙን ከቤተሰባችን ጋር በደስታ ስናሳልፍ የእሷ ወር ባዶ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ዲግሪዬን ይዤ ወጣሁ። የተማርኩት በእናቴ ድካም ነው ስል ኖሬያለሁ፤ እውነትም ነው። ከደብረ ኤልያስ ስመለስ ግን እናቴን «ያቺን ልጅ ረመዳን ሲሆን ለምን አንከፍላትም ነበር?» ብዬ ጠየቅኋት። እናቴ ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። «ልጄ፣ እኛም ቸግሮን ነበር» አለችኝ። ከዚያም ቀስ ብላ «እሷን ግን ከእኛ ይብስ ቸግሯት ነበር» አለች። እኔም ትምህርቴ በእናቴ ድካም ብቻ ሳይሆን በዚያች ልጅ ያልተከፈለ ረመዳንም ጭምር መሆኑን ያን ቀን ተረዳሁ። ልጅቷ የት እንዳለች ዛሬ አናውቅም። እናቴ ግን ስትጠይቅ አላረፈችም፤ የሠራተኛ ሐቅ በጊዜ ብዛት እንደማይሻር ታውቃለችና።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

የኔ አቋም ወለሉ ይውጣ የሚል ነው። ነገር ግን እንዲህ ቢሆን ይበጃል። በመጀመሪያ፣ አንድ ቁጥር ለአዲስ አበባም ለደብረ ኤልያስም፣ ለቢቸናም ለሞጣም እኩል ሊሠራ አይችልም። ጎረቤታችን ኬንያ ወለሏን በሥራ ዓይነትና በከተማ ደረጃ ለይታ ታወጣለች፤ አስተናጋጅና ወጥ ሠሪም በዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ይህ መንገድ ለእኛም የሚስማማ ይመስለኛል። በተለይ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የአማራ ክልል በጦርነት፣ በመንገድ መዘጋትና በሰዓት እላፊ ሲታመስ የትናንሽ ከተሞች ምግብ ቤቶች ምን ያህል እንደሚጎዱ መገመት አያዳግትም። መንገደኛ በሌለበት ምግብ ቤት የለም።

ሁለተኛ፣ ምግብና መኝታ የደመወዝ አካል ተደርጎ ሲቆጠር ልክ ሊበጅለት ይገባል። «በልታ ታድራለች» የሚለው ቃል ደመወዝን ሁሉ የሚውጥ መሆን የለበትም። ሦስተኛ፣ ጭማሪው በደረጃና አስቀድሞ በታወቀ ቀን ይሁን፤ ባለ ምግብ ቤቱ ዋጋውን ቀስ በቀስ እንዲያስተካክልና ደንበኛውን በአንድ ቀን እንዳያስደነግጥ ነው። አራተኛ፣ ወለሉ በሁሉም ቤት እኩል ይጠበቅ። ሕግ አክባሪዋ ሴት አንድ መቶ ስምንት ብር ስትሸጥ ጎረቤቷ በዘመድ ልጅ ጉልበት አንድ መቶ ብር የምትሸጥ ከሆነ ሕጉ የሚቀጣው ሕግ አክባሪዋን ነው።

ሕግ እስኪወጣ ግን እኛ የምንጠብቀው ምንድን ነው? ከአንባብያኔ መካከል ምግብ ቤት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። በረመዳን ቀን ስትዘጉ ለሠራተኞቻችሁ ቢያንስ ግማሽ ደመወዝ ለመክፈል ከአሥራ አንዱ ወር ሽያጭ በየቀኑ ጥቂት ብር አስቀምጡ። በወር 12,500 ብር ደመወዝ ለሚከፍል ቤት የግማሽ ወሩ 6,250 ብር ነው፤ ለአሥራ አንድ ወር ሲካፈል በቀን 19 ብር ገደማ ይሆናል። የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አይሞላም። ደመወዝን በጽሑፍ አድርጉት፤ ለሠራተኛዋም ኮፒውን ስጧት። ተመጋቢዎችም ስምንት ብር ተጨመረ ብለን ወደ ርካሹ ቤት ከመሮጣችን በፊት ርካሹ ቤት በማን ጉልበት እንደረከሰ እንጠይቅ። «ጭማሪው ለሠራተኞቹ ነው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ነው ካሉን ደግሞ ሳናጉረመርም እንክፈል።

በቤታችን የሚሠራው ሰው ሐቅ በጾም ወር ሊቀንስ አይገባውም። ይልቁንም የራስን ረሃብ የሚያሳውቀው ጾም ነውና የሌላውን ረሃብ የምናስብበት ወር እሱ ነው።

አላህ ሐቅን የምንከፍል ያድርገን።